ከ22 ዓመት በኋላ ወደ ቼዝ ውድድር ተመለስኩ፤ የመጀመሪያ ሬቲንጌም ወጣ

የአራት ኪሎው ፈረስ (አዲስ አበባ) | ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) የወሩን ዝርዝር ሲያወጣ ስሜን ፈልጌ አገኘሁት። ከስሜ ትይዩ 1671 የሚል ቁጥር ተቀምጧል፤ ሬቲንጌ፣ ማለትም የተጫዋች አቅም የሚገመትበት ነጥብ ነው። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ምን ማለት እንደሆነ እስካስረዳት ድረስ ቡናው ገነፈለ፤ እሷ ግን ደስታዬን አይታ ደስ ብሏት ነበር።

ውድድር ያቆምኩት በ1995 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ስጨርስ ነው። የተጣላሁት ሰው አልነበረም፤ ቼዝንም አልጠላሁትም። ሥራ መጣ፣ ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ፤ ሰሌዳው ቁም ሣጥን ላይ ወጣና እዚያው ቀረ። ባለፈው ዓመት ቤት ስንቀይር ጨዋታዎቼን የምመዘግብበት አሮጌ ደብተር ከካርቶን ውስጥ ወጣ። አንዱን ጨዋታ ሰሌዳ ላይ ደርድሬ ስከታተል አሥራ ስምንተኛው እንቅስቃሴ ላይ ፈረሴን ሠውቻለሁ። የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው፤ ለምን እንደሠዋሁት ግን ሊገባኝ አልቻለም። ሦስት ምሽት ተቀመጥኩበት። በሦስተኛው ምሽት ሲገባኝ መመለስ እንዳለብኝ ወሰንኩ።

በዚህ ዕድሜ ለመመለስ የምታስቡ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። እውቀቱ ከጠበቅሁት በላይ ቶሎ ይመለሳል። መክፈቻዎቹ፣ የወታደር አደላደሉ፣ የግንብ ፍጻሜዎቹ (ከነገሥታቱ ጋር ግንቦችና ጥቂት ወታደሮች ብቻ ሲቀሩ የሚደረገው ጨዋታ) በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከተኙበት ተነሡ። አልመለስ ያለኝ መቀመጡ ነው። አንድ ወንበር ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ስልክ ሳይነኩ፣ ሐሳብ ወደ ቤት ኪራይና ወደ ሥራ ሳይሸሽ መቀመጥ። ለእያንዳንዳችን 90 ደቂቃ ተሰጥቶ በየእንቅስቃሴው 30 ሰከንድ ይጨመር ነበር። በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ጭማሪ ያለበት ሰዓት ነክቼ አላውቅም፤ የእኛ ሰዓት መርፌ ነበረው፣ ጊዜ ማለቁን የሚያሳየው ባንዲራ ሲወድቅ ጨዋታው አለቀ።

ውድድሩ የተካሄደው በግንቦት ወር፣ ሰባት ዙር፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ነው። ሰባት ተኩል ላይ የጀመረ ጨዋታ አሥር ሰዓት ሲደርስ ጭንቅላቴ እንደ ጨርቅ ይላላል። አራተኛው ዙር ላይ የገጠመኝ የ12 ዓመት ልጅ ነው። የእሱ ሬቲንግ 1580። ፈረሴን ላነሣ አስቤ ሳለ ጣቴ አጠገቡ የነበረውን ጳጳስ ነካ። ልጁ ምንም አልተናገረም። እጄን ብቻ ተመለከተ፤ እኔም እጄን ተመለከትኩ። የተነካ ጠጠር ይንቀሳቀሳል፤ ሕጉ ይህ ነው። ጳጳሱን አንቀሳቀስኩት፣ ወታደሬ ያለጠባቂ ቀረ፣ ከሃያ እንቅስቃሴ በኋላ እጅ ሰጠሁ። ልጁ እጄን ሲጨብጥ ጎንበስ አለ። ወላጆቹ ያሳደጉት ልጅ ነው።

በመጨረሻው ዙር ሬቲንጉ 1690 ከሆነ ሰው ጋር በጥቁር ተጫወትኩ። አንድ ወታደር ተቀድሜ ወደ ግንብ ፍጻሜ ገባን። ንጉሤ ኢ8 ላይ፣ ግንቤ ኤ6 ላይ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል)፤ የእሱ ወታደር ኢ5፣ ንጉሡ ዲ5፣ ግንቡ ኤች7። ይህን አቋም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ፈረንሳዊው የቼዝ ሊቅ ፊሊዶር በ18ኛው መቶ ዓመት የተነተነው ነው። የተከላካዩ ግንብ ስድስተኛውን መስመር ይዞ የአጥቂውን ንጉሥ አያሳልፍም፤ ወታደሩ ራሱ ወደ ስድስተኛው ሲገፋ ግንቡ እስከ ታች ወርዶ ከኋላ ቼክ ማለት ይጀምራል። አራት ደቂቃ ነበረኝ። እሱ ኢ6 ሲገፋ ግንቤን ኤ1 ላይ አስቀመጥኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ እንቅስቃሴውን ወረቀቱ ላይ ስጽፍ አንዱን አኃዝ ሁለት ጊዜ አደመቅሁት። አቻ ወጣን።

ለዚህ ቁጥር ብዬ የተጫወትኩት ይህ ሁለተኛው ውድድር ነው። የመጀመሪያው በታኅሣሥ ነበር። ዘጠኝ ጨዋታ ተጫወትኩ፤ አዘጋጁ ውጤቱን ለፊዴ ሳይልክ ቀረ። ማን እንደሆነ መናገር አልፈልግም። ብጠይቅ ዛሬ ነገ እያሉ ወራት አለፉ፤ ቅዳሜና እሑዶቼን ከልጆቼ ወስጄ የሰጠሁበት ውድድር ስለሆነ አሁንም ያበሳጨኛል። እባካችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ውድድሩ ለሬቲንግ አስቀድሞ ተመዝግቧል ወይ? የእናንተስ የፊዴ መለያ ቁጥር በፌዴሬሽኑ በኩል ወጥቷል ወይ?

ጥያቄ ካላችሁ እመልሳለሁ።

---

የሜሪላንዱ (ሲልቨር ስፕሪንግ) | ሰኔ 25

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! ጽሑፍህን ሥራ ላይ ሆኜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እኔም ተመላሽ ነኝ። እዚህ አሜሪካ የአገሩ ፌዴሬሽን የራሱ ሬቲንግ አለው፤ ከፊዴው የተለየ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ስተወው 1740 ነበርኩ። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ አባልነቴን ሳድስ ያው 1740 ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እዚህ ደግሞ ወለል የሚባል ነገር አለ፦ ከደረስክበት ከፍተኛ ነጥብ 200 ተቀንሶ ወደ ታችኛው መቶ ይጠጋል። ስለዚህ ምንም ብሸነፍ ከ1500 በታች አልወርድም። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን እላለሁ፣ አንተ ከዜሮ መጀመርህ ይሻላል። የእኔ 1740 የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ቁጥር ነው፤ እኔ ተሸክሜው ገባሁ፣ ልጆቹ ደግሞ ከላዬ ላይ እየቆነጠሩ ወሰዱት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ውድድሮች 160 ነጥብ አጣሁ።

ሌላው የገረመኝ፣ እዚህ ሰሌዳና ሰዓት ይዞ የሚመጣው ተጫዋቹ ራሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ባዶ እጄን ሄጄ ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም። ተጋጣሚዬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከቦርሳዋ ጥቅል ሰሌዳ አውጥታ ዘረጋችልኝ።

1671 እንዴት እንደተሰላ ግን ብታስረዳኝ።

---

የአራት ኪሎው ፈረስ | ሰኔ 25

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ስሌቱን በእጄ ሠርቼው ነበር፤ እነሆ።

ሬቲንግ ካላቸው ተጫዋቾች ጋር ቢያንስ አምስት ጨዋታ ያስፈልጋል። በአንድ ውድድር መሟላት የለበትም፤ በ26 ወራት ውስጥ ያሉት ይደመራሉ። በመጀመሪያ ውድድሩ አንድም ነጥብ ያላገኘ ሰው ውጤቱ አይያዝለትም።

ከሰባቱ ተጋጣሚዎቼ ሁለቱ ሬቲንግ አልነበራቸውም፤ ሁለቱንም አሸነፍኩ፣ ለስሌቱ ግን አይቆጠሩም። የተቀሩት 1810 (ተሸነፍኩ)፣ 1720 (አቻ)፣ 1650 (አሸነፍኩ)፣ 1580 (ልጁ፤ ተሸነፍኩ) እና 1690 (አቻ) ናቸው። ከአምስት ሁለት ነጥብ መሆኑ ነው። አሁን ከየካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (ማርች 1 ቀን 2024) ጀምሮ የሚሠራው ደንብ ሁለት ምናባዊ ተጋጣሚዎችን ይጨምራል፤ እያንዳንዳቸው 1800 ሆነው ከሁለቱም ጋር አቻ እንደወጣህ ይቆጠራል። ስለዚህ የሰባቱ አማካይ 1721፣ ነጥቤ ከሰባት ሦስት፣ ማለትም 43 በመቶ። የፊዴ የስሌት ሰንጠረዥ ለ43 በመቶ ከአማካዩ 50 ቀንስ ይላል። 1721 ሲቀነስ 50፣ 1671።

ያለ እነዚያ ሁለት ምናባዊ ሰዎች ቁጥሬ ዝቅ ይል ነበር። ይህን ሳልደብቅ የምናገረው ቁጥሩን እንደ ዘላለማዊ ማዕረግ ስለማላየው ነው።

---

ጣና ዳር (ባሕር ዳር) | ሰኔ 26

እኔ በኢንተርኔት 1900 ነኝ። በየቀኑ ማታ ማታ እጫወታለሁ፣ ገንዘብ አላወጣም፣ አዲስ አበባ ድረስ አልሄድም። ከምታወሩት ሁሉ ያልገባኝ ሬቲንጉ ለምን እንዳስፈለገ ነው። ጨዋታ ለደስታ አይደለም እንዴ? ቁጥር ማሳደድ ደስታውን ይገድለዋል ባይ ነኝ። ብዙ ጎበዝ ልጆች ነጥብ እንዳይቀንስባቸው ብለው መጫወት ሲፈሩ አይቻለሁ።

---

ቤርሳቤህ (ቤር ሼቫ) | ሰኔ 26

ጣና ዳር፣ ስለ ፍርሃቱ እውነትህን ነው። እዚህ ልጆች አሠለጥናለሁ፤ በየሳምንቱ አየዋለሁ።

ስለ ኢንተርኔቱ ቁጥር ግን አንድ ነገር ልበል። ሬቲንግ ቁመት አይደለም። ቁመት በሜትር ይለካል፣ የትም ብትሄድ ያው ነው። ሬቲንግ ግን እርስ በርሳቸው የሚጫወቱ ሰዎች መካከል ያለ ልዩነት ብቻ ነው። የአሠራሩ ባለቤት አርፓድ ኤሎ ሀንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ፊዴ ዘዴውን የተቀበለው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በሁለት ሰዎች መካከል 200 ነጥብ ልዩነት ካለ የበለጠው ከመቶ 76 ያህሉን ነጥብ ያገኛል ተብሎ ይጠበቃል። ከሚጠበቀው በላይ ካመጣህ ትጨምራለህ፣ ካነሰህ ትቀንሳለህ። ሊቼስ በሚባለው የኢንተርኔት የቼዝ ጣቢያ ላይ ያለ 1900 ከሊቼስ ሰዎች ጋር ነው የተነጻጸረው፤ እዚያ ሁሉም ከ1500 ይነሣል፣ ስሌቱም ሌላ ነው። ከፊዴ 1900 ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብርን ከሰቅል ጋር ሳይመነዝሩ እንደመደመር ነው።

ለአዲስ ተጫዋች ደግሞ ነጥቡ በጣም ይወዛወዛል። ባመጣኸውና በተጠበቀብህ ነጥብ መካከል ያለው ልዩነት የሚባዛበት ቁጥር (ማባዣው) እስከ 30 ጨዋታ ድረስ 40 ነው። አራት ኪሎ፣ አሁን በ1671 ሆነህ 1471 የሆነ ልጅ ቢያሸንፍህ 30 ነጥብ ታጣለህ፤ ብታሸንፈው የምታገኘው 10 አይሞላም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ውድድሮች ብትወርድ አትደንግጥ። ከ30 ጨዋታ በኋላ ማባዣው 20 ይሆናል፣ ይረጋጋል።

ስለ ከተማዬም ትንሽ ላውራ፣ ስለምወዳት ነው። ቤር ሼቫ እስራኤል ውስጥ ያለች የበረሃ ከተማ ናት። ኤልያሁ ሌቫንት የሚባል ሰው ከሶቪየት ኅብረት መጥቶ በ1973 እ.ኤ.አ. የቼዝ ክበብ መሠረተ፤ ከዚያ በኋላ ስንት ግራንድማስተር (ከፍተኛው የቼዝ ማዕረግ ያለው ተጫዋች) ወጣባት! በ2005 እ.ኤ.አ. የዓለም የቡድን ሻምፒዮና የተካሄደው እዚሁ ነው። እናቴ በሱዳን በኩል በእግሯ የመጣች ሴት ናት፣ ቼዝ አይታ አታውቅም። እኔ ክበቡ በር ላይ ቆሜ ሳይ አንድ ሽማግሌ በሩሲያኛ «ግባ፣ ተቀመጥ» አለኝ። ሩሲያኛ አላውቅም፣ ወንበሩን ሲስብልኝ ግን ገባኝ።

---

የአራት ኪሎው ፈረስ | ሰኔ 26

ጣና ዳር ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ።

ኢንተርኔት ላይ ስሸነፍ ሌላ ጨዋታ እከፍታለሁ። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ሽንፈቱ ይረሳል፤ ድሉም ይረሳል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን አንድ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ ይተነፍሳል፣ እግሩን ያወዛውዛል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔም የሠራሁትን ስሕተት ይዤ አርባ ደቂቃ ከእሱ ጋር እቀመጣለሁ። ያን ሁሉ የሚመዘግብ ቁጥር ሲኖር አንድ ነገር ያስገድደኛል፦ ከተሸነፍኩ በኋላ በደንብ እንድቀጥል። ያለ ሬቲንግ ብጫወት ኖሮ በዚያ የመጨረሻ ዙር ወታደሩን ባጣሁ ጊዜ እጅ ሰጥቼ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እውነቴን ነው የምልህ። ነጥቡ ነው ወንበሩ ላይ ያቆየኝ፤ ስቆይ ደግሞ በሕይወቴ ከተጫወትኳቸው ፍጻሜዎች ሁሉ ንጹሑን ተጫወትኩ።

ቁጥሩን ፈርቶ አለመጫወት ግን ከንቱ ነው፤ በዚያ አልከራከርህም።

---

አባ ወረራ (ጎንደር) | ሰኔ 27

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። 71 ዓመቴ ነው። ስትጽፉ ዝም ብዬ አነባለሁ፣ ዛሬ ግን ልናገር።

እኔ ይህን ጨዋታ መጀመሪያ ያየሁት ከአያቴ ዘንድ ነው፤ ያውም የዛሬውን ቼዝ አይደለም፣ ሰንጠረዥ የሚባለውን የአገራችንን የድሮ ቼዝ። በእኛ ሰንጠረዥ ተራ መጠበቅ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ወረራ ነው፦ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ በተራ ይሆናል። ዙሪያውን የከበበው ሰው ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ይሟገታል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለዚህ ጨዋታ ጽፈዋል፤ እናንተ ግን የተጫወተ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁ።

በኋላ ዘመናዊውን ቼዝ በደርግ ጊዜ ተማርኩ፣ በመሥሪያ ቤት ውድድር ተጫወትኩ። አምና የልጅ ልጄ አንድ ውድድር ላይ ወሰደኝና ተመዘገብኩ። ሁለት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛው፣ ቼክ በሆነ ቁጥር ጮክ ብዬ «ቼክ!» እላለሁ። ዳኛው መጥቶ በትሕትና «አባቴ፣ መናገር አያስፈልግም፣ ሌላውን ይረብሻል» አለኝ። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። በቀኝ እጄ አንቀሳቅሼ በግራዬ ሰዓቱን መታሁ፤ ባንቀሳቀስክበት እጅ መሆን አለበት አሉኝ። ሰባ ዓመት ሙሉ ሁለት እጅ ይዤ ኖሬ አንዱን ማሰር ከበደኝ፣ ሆኖም ተማርኩት።

አንድም አላሸነፍኩም። አንድ አቻ አለኝ። እንደገና እሄዳለሁ።

---

የሜሪላንዱ | ሰኔ 27

ጋሼ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ስለ ወረራው ሌላ ክር ከፍተው ቢጽፉልን በጣም ደስ ይለናል፤ አያትዎ በመጀመሪያ ምን ያሰልፉ እንደነበር ጭምር።

ለተመላሾች አንድ ምሳሌ ልጨምር። ታላቁ የቼዝ ተጫዋች ጋታ ካምስኪ በ1996 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሻምፒዮንነት ከሩሲያዊው ካርፖቭ ጋር ተጫውቶ ከተሸነፈ በኋላ ጨዋታውን ትቶ ሕግ ተማረ። በ2004 እ.ኤ.አ. ተመለሰ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ውስጥ ካንቲ ማንሲስክ ላይ የዓለም ዋንጫን አሸነፈ። እኛ ካምስኪ አይደለንም፤ ነገር ግን የተማረው ሕግ ቼዙን እንዳልበላበት ማየት ያጽናናል።

---

ነጭ ንግሥት (ዱባይ) | ሰኔ 28

ሰላም፣ እኔ እዚህ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። ብዙ ጊዜ አልጽፍም።

ወንድሜ አራት ኪሎ፣ የጻፉት ቀሰቀሰኝና የድሮ ስሜን ፈለግሁ። በ2006 ዓ.ም. ስተወው ሬቲንጌ 1310 ነበር፤ በደንብ አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም አፍሬበት ነበር። አሁን ሳየው 1586 ይላል። አሥራ አንድ ዓመት አንድም ጨዋታ አልተጫወትኩም። ከስሜ አጠገብ ደግሞ የማልጫወት መሆኔን የሚያሳይ ምልክት አለ። 276 ነጥብ ማን ሰጠኝ? ስሕተት ከሆነ ለማን ልንገር?

---

ቤርሳቤህ | ሰኔ 28

እኅቴ፣ ስሕተት አይደለም፤ የአንቺው ነው። በማርች 2024 ፊዴ ከ2000 በታች ያሉትን ሁሉ አስተካከለ። ዝቅተኛው ነጥብ ከ1000 ወደ 1400 ከፍ አለ፤ የእያንዳንዱ ተጫዋችም ነጥብ ከ2000 ከጎደለው ላይ 40 በመቶው ተጨመረለት። የአንቺ ከ2000 የጎደለው 690 ነው፤ 40 በመቶው 276። ያልተጫወቱትም ተጨምሮላቸዋል። ምልክቱ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተጫወተ ሰው ላይ የሚደረግ ነው፤ ነጥቡን አያጠፋም። አንድ ጨዋታ ስትጫወቺ ይነሣል። መጠንቀቅ ያለብሽ ከ1400 በታች ከወረድሽ ከዝርዝሩ መውጣትሽን ነው፤ ከ1586 ግን ሩቅ ነሽ።

---

የአራት ኪሎው ፈረስ | ሰኔ 28

እኅቴ፣ በ1310 ማፈር አልነበረብሽም። ዱባይ ካለሽ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ለውድድር ቅርብ ነሽ፤ የዱባይ ክፍት ውድድር ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ ነው። በእሱ ባይሆንም በትንሹ ጀምሪ።

የጠቀመኝን ልንገርሽ። ከሥራ መልስ ግማሽ ሰዓት እንቆቅልሽ፣ ሳይበዛ። ቅዳሜ አንድ ረጅም ጨዋታ ከጓደኛ ጋር፣ በእውነተኛ ሰሌዳ፣ እየጻፉ። ጨዋታው ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ከመክፈትሽ በፊት የተሳሳትሽበትን ራስሽ ፈልጊ። በውድድሩ ቀን ደግሞ ምሳ አታብዢ፤ እኔ ቆሎና ውሃ ይዤ ነው የምገባው። ስልክሽን አጥፍተሽ ለዳኛው ወይም ለጓደኛ ስጪ፤ አዳራሽ ውስጥ ኪስሽ ውስጥ ከተገኘ ጨዋታውን ታጪያለሽ። ጠጠር ማስተካከል ከፈለግሽ ከመንካትሽ በፊት «አስተካክላለሁ» በዪ። ይህችን ቃል አሁን በእንቅልፌም አልረሳትም።

---

ጣና ዳር | ሐምሌ 3

ሐሳቤን በከፊል ለውጫለሁ። ከጎረቤቴ ጋር ትናንት ስልክ ዘግተን፣ እየጻፍን፣ አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ይዘን ተጫወትን። በ41ኛው እንቅስቃሴ ላይ አለቀ። ጽሑፌን ዛሬ ሳየው 23ኛው ላይ በሁለት እንቅስቃሴ ቼክ ሜት ነበረኝ፤ አላየሁትም። ኢንተርኔት ላይ ቢሆን አየው ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም። በሬቲንጉ ላይ አሁንም እከራከራለሁ።

---

ነጭ ንግሥት | ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ዝርዝሩ ወጣ።

ተጫወትኩ። የዓመት ፈቃዴን ከፍዬበት ስድስት ዙር ተጫወትኩ። ሁለት አሸነፍኩ፣ አንድ አቻ፣ ሦስት ተሸነፍኩ። ቤርሳቤህ እንዳስተማረን ራሴ አሰላሁት፦ ይጠበቅብኝ የነበረው 3.6 ነው፣ ያመጣሁት 2.5። ልዩነቱ 1.1 በ20 ሲባዛ 22። ዝርዝሩን ስከፍት 1564 ይላል፣ ልክ እንዳሰላሁት።

በሁለተኛው ዙር ጨዋታ ላይ ሰዓቴ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ንግሥቴን ሠውቼ በፈረስና በግንብ ቼክ ሜት አደረግሁ። ሰውየው ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ «ከየት ነሽ?» አለኝ። ነገርኩት። የጻፍኩበትን ወረቀት አጣጥፌ የፓስፖርቴ ማቀፊያ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ከስሜ አጠገብ የነበረችው ምልክት ጠፍታለች።

---

የአራት ኪሎው ፈረስ | ነሐሴ 26

እኅቴ፣ ሙሉ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ ጀምረሽ ጻፊልን። ሰሌዳዬን ዘርግቼ እየጠበቅሁ ነው።